«ፍሬን ሙሉ ነው»

ልጅቷ በዓይኗ አይታ «ሙሉ ነው» ያለችው ዕቃ ጥቂት ቆይቶ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ፣ ዘይቱ የት ገባ? ከቀብሩ ወዲህ ስተኛም ስነሣም ይህንኑ ሳገላብጥ ከረምኩ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው፣ ሲመጣ ከመንገድ ዘወር ማለትን ብቻ ነው።

የሞተው አማቼ ነው፤ የልጄ ባል። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ነበረው። እንደ ወትሮው ጠዋት ከበራችን ተነሥቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ አልያዘለትም። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ በራሱ በር በኩል ከድንጋይ ግንብ ጋር ተላተመ። የመኪናው ፊት እምብዛም አልተጎዳም ነበርና ትራፊክ ፖሊሶቹ ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ፣ የፍሬን ዘይቱ ማስቀመጫ ውስጥ ጠብታ አልነበረም። የተቆረጠ ነገር የለም አሉ። ዘይቱ ከአንድ መጋጠሚያ ጥቂት በጥቂት ሲንጠባጠብ ቀናት የቆየ ነው አሉ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አምላክ ያመጣው ብለን እንተወው ነበር። የልጅ ልጄ ግን በዚያ ጠዋት ኮፈኑን ከፍታ፣ አይታ፣ ጎረቤት እስኪሰማ «ፍሬን ሙሉ ነው» ብላ ነበር። ቁንጫ ነው የምንላት፤ በልጅነቷ አንድ ቦታ አትረጋም ነበር። አባቷ፣ ማለት ወንዱ ልጄ፣ ከሞተ ጀምሮ ያሳደግናት እኔና አክስቷ፣ የአማቼ ሚስት፣ ነን። ኮፈን መክፈቱ የአማቼ ደንብ ነው። በማሠልጠኛው ማንኛውም ተማሪ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱንና ውሃውን አይቶ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። አስተማሪው መሪውን ይዞ ይሰማል እንጂ አይወርድም። «ተማሪ ካልተጠየቀ አያይም» ይል ነበር አማቼ። ቁንጫም መንዳት መማር ከጀመረች ወዲህ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ይህንኑ ስትጮህ ጎረቤቱ ሰዓት አያስፈልገውም ነበር።

አሁን ያ ጩኸቷ ነው የሚከሳት። ወይ ሳታይ ነው የጮኸችው፣ ወይ አይታ ዋሽታለች። ሁለቱም እስር ቤት ያደርሳሉ። ሌሊቱን እህል አፏን ሳይነካው ጉልበቷን አቅፋ ታድራለች። እኔ ደግሞ እሷን ሳይ አድራለሁ። ደክሞኛል። በዚህ ዕድሜ ለሰው ልጅ መጨነቅ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያን ጉልበት ከየት እንደማመጣው አላውቅም።

መርማሪው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ትራፊክ ፖሊሶቹ በጣቢያው ግቢ ቦታ የለም ብለው መኪናውን እየጎተቱ እኛ ደጅ አስቀምጠውት ነበርና፣ ከቤት ከመግባቱ በፊት ረጅም ጊዜ ኮፈኑ ውስጥ ተጎንብሶ ቆየ። በጣቱ አንድ ቀጭን ቧንቧ ተከትሎ ከጎማው በኩል ወደ ላይ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። ከዚያ ኮፈኑን ዘግቶ፣ ጫማውን ጠርጎ ገባ። የጫማው ተረከዝ ወደ አንድ ወገን ተበልቷል። ፊቱ እንቅልፍ የናፈቀው ፊት ነው። ወንበር ስሰጠው ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠ።

ሳይጠይቀኝ ጀመርኩ። ልጅቷ ጨዋ እንደሆነች፣ ዝንብ እንደማትገድል፣ ትምህርቷንም በርትታ እንደምትማር ነገርኩት። አቋርጦ አላስቆመኝም። ስጨርስ፣

«እናቴ፣ እኔ እስካሁን ስለ እሷ አንድ ቃል አልተናገርኩም» አለ።

«ሌላው ሰው ተናግሯላ፣ ልጄ።»

«ማነው ሌላው?»

የተናገረው የአማቼ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ያን ቀንም እኛው ቤት ለቅሶ ተቀምጧል። እሱም እዚያው ማሠልጠኛ ያስተምራል። ተማሪ ሲሳሳት አፉን አሞጥሙጦ ስለሚያፏጭ ፊሽካ ነው የሚሉት። ከወንድሙ ጋር ከተኮራረፉ ሰንብተዋል፤ ተማሪ ፊት «አንተ አታስተምርም፣ ታስፈራራለህ» ተባብለው ነበር። መርማሪው ይህን ሲጠይቀው አልካደም። ወንድሜን እወደው ነበር አላለም፤ ግን ሲናገር ድምፁ ይሰበራል።

«ያቺ ልጅ ገደለችው» አለ። «ኮፈን ከፍቶ ማየት ምን ያህል ነገር ነው? እኔ ስንቱን ደነዝ አስተምሬ አንዳቸው እንኳ ሰው አልገደሉም። የገጩት አጥር ብቻ ነው።»

«አንተስ ይህን መኪና ነክተኸዋል?»

«አዲስ የመጣ ነው። ወንድሜ ማንንም አያስነካም ነበር። የማሠልጠኛው ታርጋ እንኳ ገና አልተለጠፈለትም።»

መርማሪው ወደ ደጅ ይዞት ወጣ። ኮፈኑን ሳይከፍት፣ የፍሬን ዘይቱ ማስቀመጫ የት ጋ እንደሆነ በእጅህ አሳየኝ አለው። ፊሽካ ሳያመነታ መዳፉን በሹፌሩ በኩል፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ጥጉ ላይ አሳረፈ። «በማሠልጠኛችን ግድግዳ ላይ ሥዕሉ አለ» አለ። «ነጭ ፕላስቲክ፣ ሁለት መስመር፤ ዘይቱ ከታችኛው በላይ፣ ከላይኛው በታች። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ነው የሚታየው። በሕልሜም አልስተውም።»

ቁንጫን ሲያስወጣት ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ። እሷም እዚያው ቦታ ላይ እጇን አኖረች። እንደ ፊሽካ ግን አልፈጠነችም። እፎይ አልኩ። ትምህርቷን አውቃለች ማለት ነው።

«ያን ጠዋት ምን ያህል ነበር?» አላት።

«ላይኛው መስመር ጋ። ሁልጊዜም እዚያው ነው። መኪናው ከመጣ ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።»

«ክዳኑን ከፍተሽ ታውቂያለሽ?»

«የአክስቴ ባል አያስፈልግም ይሉ ነበር፤ አቧራ ይገባበታል። በፕላስቲኩ ውስጥ ይታያል።»

«ከእሳቸው ጋር አብረሽ ትሄጂ አልነበረም?»

በድሮው መኪና ሁልጊዜ አብራው ትወርድ እንደነበር ነገረችው። ይህኛው ከመጣ ወዲህ ግን አልሄደችም። ስትነሣ አክስቷ አንድ ሥራ አታጣላትም፤ ልብስ አጣጥፊ፣ እማማን ሐኪም ቤት አድርሺ፣ ወጥ ቤቱን አጽጂ። እውነቷን ነው፤ እኔንም ሐኪም ቤት አድርሳኛለች፣ ምንም ሳይኖርብኝ። መርማሪው ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

መሪውን ያዛወረው መካኒክ በፖሊስ ተጠርቶ መጣ። መኪናው የመጣው መሪው በቀኝ ሆኖ ነው፤ ወደ ግራ ያዞረው እሱ ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ፤ እጁ ንጹሕ ሆኖ ሳለ መጥረጉ አያልቅበትም። ገና ሳይቀመጥ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ማለት ጀመረ። አንድ መጋጠሚያ ጥቂት እንደሚያንጠባጥብ ያውቅ ነበር፤ የሚቀየረው ዕቃ እስኪመጣ ድረስ ዘይቱን በየቀኑ እያዩ ሙሉት ብሎ ነበር። የማስጠንቀቂያ መብራቱም ሽቦ ገና ስላልተቀጠለ በዓይን ነው የሚታየው ብሎ ነበር።

«ለማን ነው ያሉት?» አለው መርማሪው።

«ለቤቱ።»

«ቤት ጆሮ የለውም።»

መካኒኩ ወደ መስኮቱ አየ። ሊያስረዳው ሲደውልለት አማቼ ስልኩን አንሥቶ ትምህርትህን ለራስህ አድርገው፣ መኪናውን አምጥተህ ቤት ላገኘኸው ሰው ቁልፉን ስጥ ብሎ እንደዘጋበት ተናገረ። በሩን የከፈተችለት ልጄ ናት። ለእሷ ሁሉንም ተናግሬያለሁ አለ።

ልጄን ሲጠይቃት ይህን አልተቀበለችም። ቁልፉን ተቀበልኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ አለቀ አለች። ስለ መኪና ቢነግሩኝስ ምኑ ይገባኛል አለች። እኔም ደገፍኳት፤ ሰውየው የራሱን ጥፋት በሴት ላይ ሊደፈድፍ ነው አልኩ። ልጄ ነጭ ወረቀት መስላ ነበር የተቀመጠችው። ውሃ ስሰጣት በግራ እጇ ተቀበለችኝ።

መርማሪው የቀኝ እጇን አንጓ አየ። አጥንቱ ተጣሞ የገጠመ ነው። ምን ሆነው ነው ሲላት፣ አምና ከደረጃ ወድቄ አለችው። እሱም ሳሎኑን አየ፣ በሩን አየ፣ በክፍት መስኮት ግቢውን አየ። ቤታችን መሬት ላይ የተነጠፈ ቤት ነው። አምናም እንዲህ ያለች ጊዜ ደረጃ የቱ ጋ እንዳለ አልጠየቅኋትም። አሁንም አልጠየቅኋትም።

ደጁ እየደነገዘ ነበር። መርማሪው ተነሥቶ፣ አንዴ መብራት ይያዙልኝ፣ የምጽፋት ነገር አለች ብሎ ልጄን አስከተላት። ኮፈኑን አነሣና ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ቀና ሳይል፣

«እስቲ ወደ ፍሬን ዘይቱ ያብሩልኝ» አላት።

ልጄ የስልኳን መብራት አበራችለት። ብርሃኑ ከሹፌሩ ወገን ማዶ፣ ከአንድ ወፍራም ጎማ ቱቦ ኋላ ወዳለ ጠባብ ቦታ ገባ። እኔ በመስኮት ሳይ፣ ምስኪን፣ የቱን እንደምታበራ እንኳ አታውቅም አልኩ። መርማሪው አንድ መስመር ጻፈ፣ አመሰገናትና ኮፈኑን ሳይዘጋ ሁላችንንም ጠራ።

በመኪናው ዙሪያ ቆምን፤ እኔ፣ ልጄ፣ ቁንጫ፣ ፊሽካና መካኒኩ። መርማሪው ብዙ መናገር የሚወድ ሰው አይደለም። እንደሚያመው ሰው ቀስ እያለ ነው የሚናገረው።

መጀመሪያ ፊሽካንና ቁንጫን አቀረበ። የነካችሁትን ቦታ እዩ አላቸው። በሹፌሩ በኩል፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ሁለት መስመር ያለው ነጭ ፕላስቲክ አለ። ውስጡ ገርጣ ያለ ቢጫ ፈሳሽ፣ ልክ ላይኛው መስመር ጋ። ፊሽካ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«ሙሉ ነው» አለ።

«ሙሉ ነው። ይህች ልጅ አልዋሸችም፤ ያየችውን ነው የጮኸችው።» መርማሪው ክዳኑን ጠርጎ ከፈተና ጣቱን ነክሮ ፊሽካን አስሸተተው። «ምን ይሸታል?»

«ሳሙና።»

የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ነበር። መካኒኩ አንገቱን ደፍቶ አስረዳ። መሪው ወደ ግራ ሲመጣ የድሮው የውሃ ዕቃ ቦታ አጣ፤ ከሌላ መኪና የተገኘ ዕቃ ክፍት በነበረው ጥግ ተሰካ፤ የክዳኑም ሥዕል የተፋቀ ነው። ዝናብ በሌለበት ወራት መስታወት የሚያጥብ የለምና ውሃው ንቅንቅ አይልም። የፍሬኑ ግን ሥራው ብዙ ስለሆነ ከነበረበት ከቀኝ አልተነሣም፤ ፔዳሉ ከግራ ወደዚያ የሚደርሰው በአንድ ዘንግ ነው። መርማሪው በባትሪው አበራ። ከወፍራሙ ቱቦ ኋላ ሌላ ትንሽ ነጭ ዕቃ ተደብቆ ይታያል፤ ግርጌው ድረስ ደረቅ።

«እኔ ቧንቧውን ከጎማው ጀምሬ በጣቴ ተከትዬ ነው የደረስኩበት» አለ። «በመኪና ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ግን አይከተልም። የፍሬን ዘይት በሹፌሩ በኩል ነው ተብሎ ተምሯል፤ እዚያ ነጭ ዕቃ ካገኘ አይጠራጠርም። ሟቹ ራሱ አንድ ቀን ወርዶ ቢያይ እንኳ እዚሁ ነበር የሚያየው።»

ቁንጫ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ። ይበርዳችኋል፣ እባካችሁ ግቡ አልኩ። ገባን። ልጄ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። በቃ አልቋል ብዬ አሰብኩ፤ መካኒኩ ነው ጥፋተኛው፣ የሚቀጣም ካለ እሱ ይቀጣ።

መርማሪው ግን አልጨረሰም።

«መካኒኩ ተናግሬያለሁ ይላል፤ እመቤቲቱ አልሰማሁም ይላሉ። የእሱን ቃል ብቻ አልወስድም፤ ለራሱ የሚፈራ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ፈለግሁ። ዘይቱ ከማዶ መሆኑን መካኒኩ ካልነገረ በቀር በዚህ ቤት ማንም ሊያውቅ አይችልም። ወንድምየው አላወቀም። ልጅቷ አላወቀችም። ቀደም ሲል ወደ ፍሬን ዘይቱ ያብሩልኝ ስል፣ መብራቱ ሳያወላውል ትክክለኛው ቦታ ገባ።»

ማንም ልጄን አላያትም። ሁላችንም መሬት መሬቱን ነው ያየነው።

«በአጋጣሚ ቢሆንስ?» አልኩት። «እሷ ምኑን ታውቃለች?»

«እኔም እንደ እርስዎ ብዬ ነበር፣ እናቴ። አጋጣሚ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።» ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። «ግን ልጅቷ ይህ መኪና ከመጣ ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳፈረችበትም። ጠዋት ኮፈን ትከፍታለች፣ ሙሉ ነው ትላለች፣ ከዚያ ሥራ ይሰጣታል። በድሮው መኪና ጊዜ ይህ ሥራ ሁሉ አልነበረም። አንድ ሰው መኪናው አንድ ቀን እንደማይቆም ያውቃል፤ እሷ እንድትሞት ግን አይፈልግም።»

ፊሽካ ከተቀመጠበት ተነሣ። መርማሪው በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ተቀመጠ።

ያኔ ልጄ ተናገረች። ጩኸት አልነበረበትም፤ የዕለቱን ሥራ የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው።

«ነግሮኛል» አለች። «ሁሉንም ነግሮኛል፤ ኮፈኑን ከፍቶ አሳይቶኛል። ማታ እሱ ሲመጣ ልነግረው ጀመርኩ። 'መካኒኩ ስለ ፍሬኑ' ስል፣ 'አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂና ነው፣ ዝም በይ' አለኝ። እንዳልደግምም በእጁ አሳየኝ። ዝም አልኩ።»

«በማግሥቱስ?» አላት መርማሪው።

«በማግሥቱ ልጅቷ 'ሙሉ ነው' ስትል ሰማሁ። የቱን እያየች እንደሆነ በመስኮት አየሁ። ልወጣ ነበር። ከዚያ ተቀመጥኩ። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እል ነበር። በየቀኑ ደግሞ ይደክመኛል።»

«እሷንስ ለምን አስቀሯት?»

«እሷማ ምን አደረገች?»

መካኒኩ ጨርቁን ኪሱ ከተተ። ፊሽካ ስለ ወንድሙ ሊናገር አፉን ከፈተና አንጓዋን አየ፤ ዘጋው። እኔ ስንት ሌሊት ቁንጫን ስጠብቅ ያደርኩት በአንዱ ክፍል ነው። በሌላው ክፍል ደግሞ ልጄ ብቻዋን ነበረች። አንድ ቀን እንኳ በሩን ገፋ አድርጌ እንዴት አደርሽ አላልኳት። የምፈራላት ሰው ሌላ ነበረች፤ ፍርሃቴ ለሁለት አልበቃም።

መርማሪው ደብተሩን አልከፈተም። «ይህን ሕጉ ምን ብሎ እንደሚጠራው ዳኛ ነው የሚያውቀው» አለ። «እጇን አንሥታ ያደረገችው ነገር የለም ብዬ እጽፋለሁ፤ ታውቅ ነበር ብዬም እጽፋለሁ። ስለ አንጓዋም እጽፋለሁ። እናቴ፣ ሲጠይቁዎት ደረጃ የለም ይበሉ። አሁን ግን መሄድ አለብን።»

«ነገ ጠዋት ቢሆንስ?» አልኩት። «እህል ሳትቀምስ?»

«አይቻልም።»

ቁንጫ ተነሥታ አክስቷ ፊት ቆመች። ልታቅፋት ነው ወይስ ልትጠይቃት፣ እሷም የወሰነች አልመሰለኝም። ያ ሁሉ ቀን ጥፋተኛ ነኝ ብላ ስትሰቃይ አክስቷ ከጎኗ ሳህን ስታጥብ ነበር። ልጄ ዓይኗን አነሣችና አየቻት። የልጅቷ የሸሚዝ ኮሌታ ተጣጥፎ ነበርና አስተካከለችላት። ከዚያ በሩ ላይ ቆመች።

እኔ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ከወንበሩ ላይ ያገኘሁትን ሹራብ አንሥቼ ተከተልኳት። ብርድ ነው ልጄ፣ እዚያ ደግሞ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚያስተኟችሁ፣ ደርቢው፣ አዝራሩም አንድ አልተበጠሰም፣ እኔ ነገ በጠዋት እመጣለሁ አልኳት። ስናገር አላቋረጠችኝም። መርማሪው መጋረጃውን ያዘላት። ሹራቡን ዘርግቼ እንደቆምኩ፣ ሳትቀበለኝ ወጣች።